የደም ምርመራው ቁጥር ምን ይነግረናል? ምንስ አይነግረንም?



በቅርቡ ከአንዲት የገጠር አጥቢያ ምእመናን ደብዳቤ ደርሶናል። ከመኸር በኋላ ገንዘብ አዋጥተው በአካባቢያቸው ላለው ክሊኒክ አንድ መሣሪያ ለመግዛት እንዳሰቡ ይገልጻሉ። መሣሪያው ከጣት ጫፍ በሚወሰድ የደም ጠብታ አማካይነት ሕመሙ ከባክቴሪያ የመጣ መሆን አለመሆኑን በደቂቃዎች ውስጥ ይጠቁማል ተብሎ ተነግሯቸዋል። ለዚህ አሳብ ያነሣሣቸው በመካከላቸው የደረሰ ኀዘን ነው። አንዲት እኅት በቤቷ ወልዳ በአራተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት፤ ያንቀጠቅጣትም ጀመር። ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ተሰጣት፤ ጎረቤቶችም እየተፈራረቁ ጸለዩላት። በማግስቱ ማታ መቃዠት ስትጀምር በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ክሊኒኩ አደረሷት፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ስትላክ በመንገድ ላይ ዐረፈች። በደብዳቤው መጨረሻ ላይ የሰፈረው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «መሣሪያው በክሊኒኩ ኖሮ ቢሆን እኅታችን ትተርፍልን ነበርን?»

ይህ በችኮላ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። ለደብዳቤው ጸሐፊዎች ብቻ ሳይሆን፣ ተመሳሳይ አሳብ ላላቸው አጥቢያዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞቻችን ሁሉ ይጠቅማል ብለን ስላመንን መልሱን በዚህ ገጽ ለማብራራት ወደናል።

ሴፕሲስ ምንድን ነው?

በተለምዶ «የደም መመረዝ» የሚባለውን ሕመም ሐኪሞች ሴፕሲስ ይሉታል። የአማርኛው ስያሜ ግን ጥቂት ያሳስታል፤ ምክንያቱም በደም ውስጥ መርዝ ገብቶ አይደለም። ባክቴሪያ ወይም ሌላ ተሕዋሲ ወደ ሰውነት ሲገባ ሰውነት ራሱን ለመከላከል ይዋጋል። አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ውጊያ ያሸንፋል። አንዳንድ ጊዜ ግን ውጊያው ሥርዓቱን ይስትና የገዛ አካላቱን፣ ይኸውም ሳንባን፣ ኩላሊትን፣ ልብንና አንጎልን መጉዳት ይጀምራል። እባብ ገባብኝ ብሎ ጎጆውን በእሳት እንደሚያያይዝ ሰው ማለት ነው። የሙያው ጠበብት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጡት ትርጓሜም በዚሁ ላይ የቆመ ነው፤ ሴፕሲስ የሚባለው ሰውነት ለተሕዋሲ የሚሰጠው መልስ ተዛብቶ አካላትን ለሞት በሚያሰጋ ደረጃ ሲጎዳ ነው።

መነሻው ቀላል የሚመስል ነገር ሊሆን ይችላል። የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ሕመም፣ ሳይታጠብ የቆየ ቁስል፣ በንጹሕ ምላጭ ያልተቆረጠ እትብት፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የማሕፀን ሕመም፣ እያንዳንዱ ወደ ሴፕሲስ ሊያደርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 በመላው ዓለም 48.9 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ሴፕሲስ እንደ ደረሰና 11 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚሁ ጋር በተያያዘ እንደ ሞቱ ተገምቷል። ከታመሙት መካከል 20 ሚሊዮን ያህሉ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ነበሩ። ከጠቅላላው 85 በመቶ ያህሉ የደረሰው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

ደም እንዴት ይመሰክራል?

ትኩሳት ያለበት ሰው ወደ ክሊኒክ ሲመጣ ጤና ባለሙያውን የሚያስጨንቀው ጥያቄ፣ «ይህ ሕመም ከባክቴሪያ ነው ወይስ ከቫይረስ?» የሚለው ነው። ባክቴሪያ ከሆነ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል፤ ቫይረስ ከሆነ ግን አንቲባዮቲክ ምንም አይረዳም። ሁለቱም ትኩሳት ያመጣሉ፤ ሁለቱም ያስላሉ፤ ሁለቱም ያደክማሉ።

ባክቴሪያውን ራሱን አግኝቶ ለማየት የሚያስችለው መንገድ የደም ካልቸር ነው። ደሙ ባክቴሪያን በሚያሳድግ ፈሳሽ ውስጥ ተጨምሮ በተመጠነ ሙቀት ይቀመጥና የሚበቅል ነገር መኖሩ ይታያል። ውጤቱ ግን አንድ ወይም ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ቀን ያስጠብቃል። በዚያም ላይ በጽኑ ከታመሙት መካከል በካልቸር ምንም የማይበቅልላቸው ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ ፈለጉ፤ ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ለባክቴሪያው የሚሰጠውን መልስ መለካት። ሌሊት በግቢያችን ሌባ ቢገባ ሌባውን ባናየውም የውሻው ጩኸት ይነግረናል። በደም ውስጥ የሚለኩት ጠቋሚዎችም እንደ ውሻው ጩኸት ናቸው። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

ሀ) ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን፣ ባጭሩ ሲ አር ፒ። ይህን ፕሮቲን እ.ኤ.አ. በ1930 ያገኙት በኒው ዮርክ በሮክፌለር ተቋም ይሠሩ የነበሩት ዊልያም ቲሌትና ቶማስ ፍራንሲስ ናቸው፤ ያገኙትም በሳንባ ምች በታመሙ ሰዎች ደም ውስጥ ነበር። የሚሠራው በጉበት ነው። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሚሊግራም በሊትር በታች ሲሆን፣ በብርቱ የባክቴሪያ ሕመም ጊዜ ከ100 አልፎ እስከ ብዙ መቶዎች ሊደርስ ይችላል። መጨመር የሚጀምረው ሕመሙ ከጀመረ ከ6 ሰዓት ያህል በኋላ ነው፤ ጫፍ ላይ የሚደርሰውም በሁለተኛው ቀን ገደማ ነው። ሕመሙ ሲረታ በየ19 ሰዓቱ በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

ለ) ፕሮካልሲቶኒን። ይህ በጤና ጊዜ በአንገታችን ባለው የታይሮይድ ዕጢ የሚሠራ የአንድ ሆርሞን መነሻ ሲሆን በደም ውስጥ የሚገኘው እጅግ በጥቂቱ ነው። ባክቴሪያ ሰውነትን ሲወር ግን ሌሎች ብዙ የአካል ክፍሎችም ይሠሩታል። ይህን ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 አስታወቁ። ከሲ አር ፒ ቀድሞ ይነሣል፤ በቫይረስ ሕመም ጊዜም ብዙውን ጊዜ ዝቅ እንዳለ ይቆያል። ስለዚህ ሁለቱን በመለየት ረገድ ከሲ አር ፒ ይሻላል ይባላል። ዋጋው ግን ይበልጥ ውድ ነው።

ሐ) ላክቴት። ይህ የባክቴሪያ ምልክት አይደለም። የሰውነት ሕዋሳት በቂ ደምና ኦክስጅን ሳያገኙ ሲቀሩ በደም ውስጥ ይበዛል። ከ2 ሚሊሞል በሊትር በላይ ከሆነና ፈሳሽ ከተሰጠም በኋላ ካልቀነሰ ሕመምተኛው በታላቅ አደጋ ላይ መሆኑን ያሳያል።

ከእነዚህ ሌላ በብዙ ላቦራቶሪዎች የሚደረገው የነጭ የደም ሕዋሳት ቆጠራ አለ። እርሱም ይረዳል፤ ነገር ግን በብዙ ምክንያት ከፍና ዝቅ ስለሚል ብቻውን ሊታመን አይችልም።

ጥቅሙ የት ላይ ነው?

ፈጣን የወባ ምርመራ ወደ ጤና ኬላዎቻችን ከገባ ወዲህ ትኩሳት ሁሉ ወባ እንዳልሆነ ታውቋል። ይሁን እንጂ ምርመራው «ወባ የለም» ካለ በኋላ ጤና ባለሙያው ምን ያድርግ? አብዛኛውን ጊዜ ለጥንቃቄ ብሎ አንቲባዮቲክ ይሰጣል። በከተማ ደግሞ ብዙዎቻችን እንደምናውቀው ትኩሳት ያለበት ሰው ደሙን ተመርምሮ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተብሎ መድኃኒት ተሸክሞ ይመለሳል። ለታይፎይድ የሚደረገው ይህ ዊዳል የተባለ ምርመራ ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ ከዚህ በፊት በነበረ ሕመም ሳቢያ በደም ውስጥ የቀረውን የመከላከያ ፕሮቲን ዛሬ ካለው ሕመም ለይቶ ሊያሳይ አይችልም። በዚህ መንገድ ብዙ አንቲባዮቲክ ያለ አግባብ ይዋጣል። ባክቴሪያዎችም መድኃኒቱን ይለማመዱታል። እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት በተለማመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ የሞቱት ሰዎች በዓለም 1.27 ሚሊዮን እንደሚሆኑ ተገምቷል።

የደም ጠቋሚዎች የሚረዱት በዚህ ቦታ ነው። በቬትናም ሰሜናዊ ክፍል በአሥር ጤና ጣቢያዎች የመተንፈሻ አካላት ሕመም የያዛቸው 2,037 ሰዎች የተካተቱበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። የሲ አር ፒ ምርመራ ካልተደረገላቸው መካከል 78 በመቶው በሁለት ሳምንት ውስጥ አንቲባዮቲክ ሲወስዱ፣ ምርመራው ከተደረገላቸው ግን የወሰዱት 64 በመቶ ነበሩ።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ በታንዛኒያ ዳሬሰላም የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናት ነው። ትኩሳት ያለባቸውና ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ 3,192 ሕፃናት በሁለት ዓይነት መንገድ ታዩ። ለአንደኛው ወገን ጤና ባለሙያዎቹ የተጠቀሙት የተሻሻለ የምልክት መመሪያ ነበር። ለሁለተኛው ወገን ግን ከመመሪያው ጋር ሲ አር ፒና ፕሮካልሲቶኒን፣ የደም ማነስና የስኳር ልኬት፣ እንዲሁም የኦክስጅን መለኪያ ተጨመረላቸው። በአንደኛው ወገን ከመቶ 30 ያህሉ፣ በሁለተኛው ከመቶ 11 ያህሉ ብቻ አንቲባዮቲክ ታዘዘላቸው። ከሰባት ቀን በኋላ ሕክምናው ያልሠራላቸው በአንደኛው 4.1 በመቶ፣ በሁለተኛው 2.3 በመቶ ነበሩ። መድኃኒቱ ቀነሰ፤ የሕፃናቱም ጤና አልተጎዳም። ልብ ልንለው የሚገባን ግን፣ ይህን ውጤት ያስገኘው መሣሪያው ብቻውን አለመሆኑን ነው። ሕፃኑን በሥርዓት የሚመረምር የሠለጠነ ሰውና ግልጽ መመሪያም አብረው ነበሩ።

ጠቋሚዎቹ ሌላም ጥቅም አላቸው፤ መድኃኒቱ መቼ እንደሚቆም ይረዳሉ። በኔዘርላንድ በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት፣ ፕሮካልሲቶኒን በ80 በመቶ ሲቀንስ ወይም ከተወሰነ ልክ በታች ሲወርድ መድኃኒቱን እንዲያቆሙ ሐኪሞች ተመክረው ነበር። የሕክምናው ዘመን ከ7 ቀን ወደ 5 ቀን ያጠረ ሲሆን የሞት ቁጥር አልጨመረም።

ቁጥሩ የሚያሳስተው መቼ ነው?

ውሻ ለሌባ ብቻ ሳይሆን ለእንግዳም ይጮኻል። ሲ አር ፒ በወባ፣ በሳንባ ነቀርሳ፣ በመገጣጠሚያ ሕመም፣ በቃጠሎ፣ በስብራትና ከቀዶ ጥገና በኋላ ይጨምራል። ፕሮካልሲቶኒንም በከባድ አደጋ፣ በታላቅ ቀዶ ጥገናና በጽኑ ወባ ጊዜ ከፍ ይላል። በተወለዱ ሕፃናት ዘንድ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ያለ ምንም ሕመም ይነሣል። እናትም ከወለደች በኋላ ጤነኛ ብትሆን እንኳ ሲ አር ፒዋ ከፍ ይላል።

ደግሞም ውሻው ሳይነቃ ሌባው ሊገባ ይችላል። ይህን የተማርነው ከራሳችን ስሕተት ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ ክሊኒክ የሲ አር ፒ መለኪያ ሰጥተን ነበር፤ ሠራተኞቹንም አሠለጠንን። ሥልጠናችን ግን ስለ መሣሪያው አያያዝ እንጂ ስለ ጊዜው አልነበረም። አንዲት እናት ትኩሳት ከያዘው ሦስት ሰዓት ያልሞላው ሕፃን ይዛ መጣች። ቁጥሩ 8 ሆነ። «ደሙ ንጹሕ ነው» ተብላ ተመለሰች። ሕፃኑ መጥባት ማቆሙን ተናግራ ነበር፤ ነገር ግን ሁሉም ዓይኑን በቁጥሩ ላይ አድርጎ ነበር። ሌሊቱን ሕፃኑ አንቀጠቀጠውና እየሮጠች ተመለሰች። ወደ ሆስፒታል ተልኮ በእግዚአብሔር ቸርነትና በሐኪሞች ትጋት ዳነ። እኛ ግን መሣሪያውን ስንሰጥ ሊነገር የሚገባውን ዋና ቃል እንዳልተናገርን ተረዳን። ዝቅተኛ ቁጥር የአደጋን ምልክት አይሽርም።

ይህ የእኛ አስተያየት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዓለም አቀፍ የሴፕሲስ ሕክምና መመሪያ፣ አንቲባዮቲክ ለመጀመር ሲወሰን ፕሮካልሲቶኒን እንዳይጠበቅ ይመክራል። ሕመምተኛው በሾክ ላይ ካለ ወይም ሴፕሲስ እንደሆነ በብርቱ ከተጠረጠረ መድኃኒቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊሰጠው ይገባል ይላል። እንግዲህ ቁጥሩ ለደኅናው ሕመምተኛ መድኃኒትን ለመከልከል፣ ለሚያገግመውም ለማቆም ይረዳል፤ በጽኑ የታመመውን ግን ማስጠበቂያ ሊሆን አይገባም።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች

መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች ከክሊኒኩ ሠራተኞችና ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር ተመካከሩባቸው።

1. መመርመሪያው ኪት ከየት ይመጣል? የአገልግሎት ጊዜውስ መቼ ያበቃል? መሣሪያው የሚገዛው አንድ ጊዜ ነው፤ ኪቱ ግን በየወሩ ይፈለጋል። ኪት ያለቀበት መሣሪያ አቧራ ሲጠጣ በብዙ ቦታ አይተናል።

2. ማከማቻው ምን ያህል ይሞቃል? ብዙዎቹ ኪቶች ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ሊቀመጡ አይገባም። በቆላ አገር በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

3. ቁጥሩ ከወጣ በኋላ ምን ይደረጋል? ምን ያህል ሲሆን መድኃኒት እንደሚሰጥ፣ ምን ያህል ሲሆን እንደማይሰጥ፣ ማንስ በማግስቱ ተመልሶ እንዲታይ እንደሚነገረው በጽሑፍ ያለ መመሪያ ከሌለ ቁጥሩ ቁጥር ብቻ ሆኖ ይቀራል።

4. መጀመሪያ ሊሟሉ የሚገባቸው አሉን? ቴርሞሜትር፣ ሰዓት ትንፋሽ ለመቁጠር፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ ኦክስጅን፣ ግሉኮስና መርፌ፣ ወደ ሆስፒታል የሚያደርስ መጓጓዣ። እነዚህ በሌሉበት የሲ አር ፒ መሣሪያ ቅድሚያ ሊሰጠው አይገባም።

ለምእመናን

አደጋውን ለማወቅ የሚያስችሉ ምልክቶች አብዛኞቹ ያለ ምንም መሣሪያ በዓይንና በእጅ የሚታወቁ ናቸው። በቤታችሁም ሆነ ሕመምተኛ ስትጠይቁ እነዚህን ካያችሁ እስኪነጋ አትቆዩ።

በአዋቂ፦ ትኩሳት ወይም የሰውነት መቀዝቀዝ ከመቃዠት ወይም ከእንቅልፍ ለመንቃት ከመቸገር ጋር፣ በጣም የፈጠነ ትንፋሽ፣ ቀኑን ሙሉ ሽንት አለመሽናት፣ የእጅና የእግር መቀዝቀዝ፣ ቆሞ መሄድ አለመቻል።

በአራስ እናት፦ ማንኛውም ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ የሆድ ሕመም። አራስን ምች መታት ብሎ ዝም ማለት አይገባም።

በተወለደ ሕፃን፦ መጥባት ማቆም፣ ካልነኩት አለመንቀሳቀስ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ መተንፈስ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ መግባት፣ መንቀጥቀጥ፣ የሰውነት መጋል ወይም መቀዝቀዝ። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እነዚህን በመሳሰሉ ምልክቶች ተመርተው፣ ወደ ሆስፒታል መሄድ ላልቻሉ ሕፃናት በአሞክሲሲሊንና በጄንታማይሲን ሕክምና እንዲሰጡ የሚያስችል አሠራር ተጀምሯል። ይህን ለመጀመር የደም ቁጥር አላስፈለገም።

ስለ ጸሎትም አንድ ቃል እንጨምር። ለታመመ መጸለይ ተገቢ ነው፤ እኛም እንጸልያለን። ነገር ግን ቃሬዛውን ተሸክመን እየሄድን መጸለይ እንችላለን።

ወደ ደብዳቤው ስንመለስ

ውድ ወገኖቻችን፣ ጥያቄያችሁን በቅንነት እንመልስላችሁ። መሣሪያው በክሊኒኩ ኖሮ ቢሆን እንኳ ለእኅታችሁ የሚጨምረው ነገር አልነበረም። ክሊኒክ በደረሰችበት ሰዓት መታመሟን ለማወቅ ቁጥር አያስፈልግም ነበር፤ ሲ አር ፒዋም በወሊዱ ምክንያት ብቻ ከፍ ሊል ይችል ስለ ነበር ሁሉን አይናገርም ነበር። የጎደለው በአራተኛው ቀን ማታ «የአራስ ትኩሳት አደጋ ነው፤ አሁኑኑ እንውሰዳት» የሚል ሰው ነው። በዚያች ሌሊት ደርሳ ቢሆን ነርሷ ያለ መሣሪያ መድኃኒቱን ትጀምርላት ነበር። ትተርፍ ነበር ብለን በእርግጠኝነት አንናገርም፤ ተስፋዋ ግን ከፍ ያለ ይሆን ነበር። ይህን የምንጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ዳማከሴውን የጨመቁት እጆች በፍቅር ነው የጨመቁት፤ የሚያውቁትንም አደረጉ። አሁን ግን ከዚህ የሚበልጥ ልናውቅ ይገባናል።

ስለ ገንዘባችሁ ምክራችን ይህ ነው። ከፊሉን ለሌሊት መጓጓዣ የሚሆን ቋሚ መጠባበቂያ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ሰው ታሞ ገንዘብ ሲዋጣ ሰዓት እንዳይባክን። በእያንዳንዱ መንደር ሁለት ሁለት ሴቶች ተመርጠው ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር አራሶችን በመጀመሪያው ሳምንት እየዞሩ እንዲጠይቁ አድርጉ። ክሊኒኩ ከላይ ለዘረዘርናቸው አራት ጥያቄዎች ደኅና መልስ ካለው፣ በቀረው ገንዘብ የሲ አር ፒ መመርመሪያውን ብትገዙ ለሚያስላቸውና ትኩሳት ላለባቸው ብዙ ሕፃናት ያለ አግባብ ከሚሰጥ መድኃኒት መጠበቂያ ይሆናል። መልካም ሥራ ነው፤ ሁለተኛ ሥራ ግን ነው።

በኀዘናችሁ አብረናችሁ ነን። የምትወስኑትን ጻፉልን፤ ለሥልጠናው እንመጣለን፤ በዚህ ጊዜ ስለ ሰዓቱም እናስተምራለን።